የታችኛው ተከራይ

ትዝታ የሚጽፉት ጸጉራቸው የሸበተ ሰዎች ናቸው ብዬ ነበር የማስበው። እኔ ገና ከዩኒቨርሲቲ መውጣቴ ነው፣ የምርቃት ጋውኔን ከመለስኩ ብዙም አልቆየሁ። ግን ሀርጌሳ ያደገ ሰው ቶሎ ያረጃል። ትናንት የምታውቂው ጥግ ዛሬ ፎቅ ሆኖ ስታገኚው፣ ሃያዎቹ ውስጥ ሆነሽ «ድሮ እዚህ ጋ» ማለት ትጀምሪያለሽ፤ የሚሰማሽ ሰው ደግሞ ያዛጋል። በቅርቡ አሕመድ ዳጋህ ሰፈር አንድ መሥሪያ ቤት ለኢንተርቪው ጠርተውኝ ሄድኩ። ሪሴፕሽን ላይ ያለችው ልጅ ማናጀሩ ሚቲንግ ላይ ነው፣ ጠብቂ አለችኝ። ጠበቅኩ። ሥራ መፈለግ ማለት ወንበር ላይ መቀመጥ ማለት እንደሆነ አራት ዓመት ሲያስተምሩኝ ማንም አልነገረኝም። ኮሪደሩ ላይ አንድ ሰውዬ ግድግዳ ይለስናል፣ የእርጥብ ሲሚንቶ ሽታ መጣብኝ። አጠገቤ ዩኒፎርም የለበሱ ሁለት ሴት ልጆች አንድ ስልክ ላይ ተደፍተው ይስቃሉ፣ እናታቸው እዛ ትሠራለች መሰለኝ። ሰው አጠገቤ ሲስቅ ምክንያቱን ሳላውቅ መቀመጥ አልችልም፣ ጠየቅኳቸው። አስፈሪ ታሪክ ነው አሉኝ። የሞተ አስተማሪ ነው፤ ከሞተ በኋላም የቤት ሥራ በስልክ ይልካል። ታዲያ ምኑ ነው የሚያስፈራው ስላቸው ትልቋ ቀና ብላ አይታኝ «ማርክ ይሰጣል» አለች።

ሳቅኩ። ሲሚንቶውና ሳቁ አንድ ላይ ሲመጡብኝ ደግሞ የልጅነት ጓደኛዬ ፈቲያ ትዝ አለችኝ። ከዛ በኋላ ኢንተርቪው ላይ ስለራስሽ ንገሪን ሲሉኝ ምን እንዳልኩ አላስታውስም። እስካሁንም አልደወሉም።

ያኔ ከተማው በሙሉ እርጥብ ሲሚንቶ ነበር የሚሸተው። ዓመቱን አትጠይቁኝ። ብቻ የእርስ በርስ ጦርነቱ ጣሪያቸውን የበላቸው ቤቶች አንድ በአንድ ቆርቆሮ የሚለብሱበት፣ ጥይት የበሳሳቸው ግድግዳዎች የሚለሰኑበት፣ ከውጭ የሚመለሱ ሰዎች ጣሪያው ላይ ሻንጣ በተከመረበት ታክሲ ከአየር ማረፊያ መጥተው «የአባቴ ቤት የቱ ጋ ነበር» እያሉ ሰፈር ለሰፈር የሚዞሩበት ጊዜ ነው። አባቴ ለሳኝ ነው፣ ከድሬዳዋ የመጣነውም ለሱ ሥራ ነው። ከሥራ ሲመለስ ቅንድቡ ሁሉ ነጭ ሆኖ ስለሚገባ እናቴ «ልጅ ነው ብለው ዳሩኝ፣ ሽማግሌ ሆኖ ይገባል» እያለች ትቀልድበት ነበር። ያ ጊዜ ጥሩ ነበር የሚሉ ሰዎች ያናድዱኛል። ውሃ በአህያ ጋሪ በበርሜል ነበር የሚመጣው፣ እሱም ጨው ጨው ይላል። አቧራው ጥርስ ውስጥ ይንቀጫቀጫል። መብራት የሚበራው ሰፈሩ ውስጥ ጄኔሬተር ያለው ሰውዬ ደስ ሲለው ነው። ጥሩ ነገር ጥሪ ካላችሁኝ በላስቲክ የሚሸጠው ቀይ በረዶ ነው፤ እሱን ለመግዛትም የተጨማደደ ሽልንግ በእፍኝ ይዘሽ ትሄጃለሽ፣ ባለሱቁ ሳይቆጥር በክብደቱ ይመስለኛል የሚቀበልሽ። ካሴት ቤቱ ደጃፍ ደግሞ ቀኑን ሙሉ በኡድ ክራር የሚዘፈን ዘፈን ነው፤ ሁሉም ስለተለየ ፍቅር ነው፣ ሁሉም ረጅም ነው፣ እኛ ደግሞ ቸኩለናል፣ ፕላስቲክ ጫማችንን እያንጣጣን እናልፈዋለን።

የምንኖረው ኮድቡር ሰፈር ነበር፣ ኢዶ ሳህራ ግቢ። ኢዶ በሱማሌኛ አክስት ማለት ነው፤ አከራይሽን በስሟ ብቻ ከጠራሻት ባለጌ ነሽ። ግቢው አራት ክፍል አለው። በአንዱ እኛ፣ መንገድ ዳር መስኮት ባለው ፈቲያና እናቷ እትዬ ዘሃራ፣ በትልቁ ኢዶ ሳህራ ራሷ። አራተኛው ከኋላ ያለው ነው፣ ግድግዳ እንጂ ጣሪያ የለውም፣ ወለሉም አፈር ነው። የኢዶ ልጆች ውጭ ነው ያሉት፣ ለዛ ክፍል ብለው የወለል ሸክላ አሠርተው ልከዋል፣ ካርቶኑ አጥሩ ሥር ተደርድሮ ፀሐይ አንጥቶታል። አባቴ በየጊዜው «ኢዶ፣ ያንን ወለል ልሥራልሽ?» ይላታል። እሷም «ኢንሻአላህ» ትለዋለች፤ አንዳንድ ኢንሻአላህ ደግሞ እምቢ ማለት እንደሆነ አባቴም ያውቃል። ያንን የአፈር ወለል ግን በየቀኑ ከዙህር ሰላት በኋላ ትጠርገዋለች። ጠርጋ ስትጨርስ በዛ የውሃ ችግር በጣሳ ውሃ ይዛ ትረጨዋለች። ከዛ በሩ ላይ በርጩማዋን አስቀምጣ፣ ትንሽዬ ሬዲዮዋን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ፣ አንድ የወርቅ ጥርሷ ብቻ እያበራ እስከ አስር ሰላት ትቀመጣለች።

ያ ሰዓት የኛ ነበር። ከስምንት ሰዓት በኋላ ወንዱ ሁሉ ጫት ላይ ነው፣ ከተማው ጸጥ ይላል፣ ፍየል እንኳ ጥላ ፈልጋ ትተኛለች። እኛ የኋላው ክፍል ግድግዳ ጥላ ሥር፣ ከውጭ በኩል እንቀመጣለን፤ ፈቲያ፣ እኔና ሁለት የጎረቤት ልጆች፣ ወላጆቻቸው ከሐረር የመጡ። ፈቲያ ከኔ በሁለት ዓመት ትበልጣለች፣ ስምንተኛ ክፍል ነች፣ ቀጭን ረጅም፣ ስታወራ እጇ ከአፏ የሚቀድም። እናቷ ልብስ ሰፊ ናት፣ ከኮምቦልቻ የመጣች፤ የሰፈሩን ዩኒፎርምና መጋረጃ በሙሉ የምትሰፋው እሷ ናት። ፈቲያ ተረት ታወራለች፣ የምታወራው በአማርኛ ነው። ትምህርት ቤት በሱማሌኛ እንሰደባለን፣ ቁርኣን ቤት በአረብኛ ይቆጡናል፣ አማርኛ ግን የራሳችን ክፍል ነበር፣ በር ያለው። እናቶቻችንም እንደዛው ነበሩ። ኢዶ ሳህራ ፊት ቁጭ ብለው ስለ ኢዶ ሳህራ ያወራሉ፤ ፍየሏ ሌባ እንደሆነች፣ ሾርባዋ የእግር መታጠቢያ እንደሚመስል፣ የወርቅ ጥርሷን ለማሳየት ብላ እንደምትስቅ። እሷ ሬዲዮዋን ይዛ ፈገግ ትላለች፣ እነሱም ፈገግ ይሉላታል።

አንድ ነገር ማስረዳት አለብኝ። የዛን ጊዜ መሠረት ሲቆፈር አጥንት ይገኝ ነበር። ሁሌ አይደለም፣ ግን ይገኛል። ሲገኝ ሥራው ይቆማል፣ ሼኽ ይጠራል፣ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ ተሰግዶበት ይቀበራል፣ በማግስቱ አካፋው ካቆመበት ይቀጥላል። ትልልቆቹ እኛን «አትዩ» ይሉናል፣ እኛም ፊታችንን እናዞራለን። ፈቲያ አላዞረችም። አይታ መጥታ፣ ከሁለት ቀን በኋላ «የታችኛው ተከራይ» የምትለውን ተረት ጀመረች።

የታችኛው ተከራይ ስሙ ጋሽ በድሩ ነው፣ ከኋላው ክፍል ወለል ሥር የሚኖር ሬሳ። አስፈሪ መሆን ነበረበት። ግን ነጭናጫ ነው። መጀመሪያ የምናገኘው አንድ ቆፋሪ በአካፋ ጎድኑን ሲመታው ነው፤ ጋሽ በድሩ ከሥር ሆኖ ሽንት ቤት እንዳለ ሰው «ሰው አለ» ይላል። ሌላ ቀን ግራ እግሩ ከአሸዋ ጋር ተዝቆ የጎረቤት ግድግዳ ውስጥ ይገባል፤ ጋሽ በድሩ «አሁን ሁለት ቤት ነው የምከራየው፣ ይሄ ፍትሕ ነው?» እያለ ያማርራል፣ ግድግዳው ደግሞ ሌሊት ሌሊት ይራገጣል። ጫት ሲሸተው ደግሞ ከአፈር ውስጥ አንድ ጣት ብቅ አድርጎ ቅጠል ይለምናል። አንዱ አዝኖለት ሰጠው፣ መረቀነ፣ ሬሳ ሆኖ እንቅልፍ አጣ። እኛ መሬት ላይ እንንከባለላለን። ከዛ ለመሽናት ብቻችንን አንሄድም፣ ተያይዘን ነው የምንሄደው፤ ስለዚህ ያስፈራ ነበር ማለት ነው።

አንድ ቀን ፈቲያ ተረቱ ውስጥ አዲስ ሰው አስገባች። የወርቅ ጥርስ ያላት አከራይ። አከራይዋ ወለሉን ሲሚንቶ የማታስደርገው ለምንድነው? ወር በመጣ ቁጥር ጋሽ በድሩን አውጥታ ኪራይ ለመጠየቅ እንዲመቻት ነው። ለምንስ ትጠርገዋለች? የሚጠረገው ግንባሩ ነው። ማን ገደለው? እሷ ናት፣ ምሳዋን አብልታው። ጋሽ በድሩ በአንድ እጁ ተደግፎ ቀና ይልና «እመቤቴ፣ እኔ እኮ ሞቻለሁ» ይላታል። ፈቲያ ቆም አለች፣ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች፣ የኢዶን አቀማመጥ ቁጭ አድርጋ አመጣችው።

«ሞትክ እንጂ አልለቀቅክም።»

እኛ ከመሳቃችን በፊት ከግድግዳው ወዲያ አንድ ሰው ሳቀ። አጭር ሳቅ፣ በአፍንጫ የሚወጣ፣ ሰው ሊያፍነው ሲሞክር የሚያመልጠው ዓይነት። እርስ በርስ ተያየን። ፈቲያ በሹክሹክታ ሬዲዮው አስቂኝ ነገር እያወራ ነው አለች። እኔ ደግሞ በዛ ሰዓት ሬዲዮው የሚያነበው የሞቱ ሰዎችን ስም እንደሆነ ነገርኳት። ማንም ሳያዘን ተነስተን ተበታተንን።

በማግስቱ ኢዶ እናቶቻችንን ሰላም ሳትል አለፈች። ከሰዓት በኋላም አንድ ኮት የለበሰ ሰውዬ በሜትር ክፍሎቹን ሲለካ አየነው፤ የኋላውን ሳይቀር ለካው፣ የእትዬ ዘሃራን መስኮት ከውጭ ቆሞ አየው። ያን ሰሞን ከውጭ የመጡ ቤተሰቦች ሙሉ ግቢ ነበር የሚፈልጉት፣ እንደኛ ዓይነቱ ሰው ደግሞ በአንድ ቃል ነበር የሚወጣው። እኛ የሆነ ቦታ እንገባለን፣ አባቴ ሥራ አያጣም። ለእነ ፈቲያ ግን ያ መስኮት ነበር ሁሉ ነገር። ደንበኛ የሚመጣው በመስኮቱ ነው። እትዬ ዘሃራ ከዛ በፊት ሁለት ቦታ አስወጥተዋታል፣ እንደገና ካስወጡኝ ማሽኔን ጭኜ በቶጎ ውጫሌ ድንበር ወደ ኮምቦልቻ እመለሳለሁ፣ ሌላ መንከራተት አልችልም ብላ ነበር። የስምንተኛ ክፍል ፈተና ደግሞ ደርሷል። ፈቲያ ከዛ ከሄደች ፈተናው ቀረ፣ ትምህርቱም አብሮ ቀረ ማለት ነው፤ ይሄንን ማንም ሊያስረዳን አያስፈልግም ነበር።

ፈቲያ ራሷ ናት ለእናቷ የነገረቻት። እኔ በር ላይ ቆሜ ነበር። ትመታታለች ብዬ ጠበቅኩ። እትዬ ዘሃራ መቀሷን አስቀመጠች፣ የምትሰፋውን ዩኒፎርም አጣጥፋ አስቀመጠች፣ ማሽኗን ከደነች፤ መምታቱ ይሻል ነበር። እናቴ ስትሰማ ደግሞ ሌላ ነገር ነው የመጣባት። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ፣ እዛ ግቢ ከገባንበት ቀን ጀምሮ በአማርኛ ያለችውን ሁሉ ማስታወስ ጀመረች። «ሾርባውን ብዬአለሁ?» ትላለች። ብለሻል ይላታል አባቴ። «የልጆቿን ነገርስ?» እሱንም ብለሻል። «ስለ መቀመጫዋስ?» አባቴ ቅንድቡ ላይ የቀረውን ሲሚንቶ ማራገፍ ጀመረ። እናቴ ፊቷን በሻርፕ ሸፈነች።

ሐሙስ ዕለት ከአስር ሰላት በኋላ ኢዶ ጠራችን፤ ሁለቱን እናቶች፣ ፈቲያን፣ እኔን። የኋላው ክፍል በር ላይ ምንጣፍ አንጥፋለች፣ በወተት የተፈላ ሻይ በፔርሙዝ አቅርባለች። ሻይ ሲቀርብ የባሰ ፈራሁ፤ ሰው ሲያስወጡ በጨዋ ደንብ ነው የሚያስወጡት። እናቴ ያጠናችውን የሱማሌኛ ይቅርታ ጀመረች፣ ግሱን እያምታታች። ኢዶ እጇን አነሳች።

«ሻዩ ይቀዘቅዛል፣ ተቀመጡ» አለች። በአማርኛ።

አማርኛዋ የመርካቶ ነበር፣ ከኛ የፈጠነ። ጦርነቱ ሲመጣ ልጆቿን ይዛ በእግሯ ድንበር ተሻግራ ስደተኛ ካምፕ እንደገባች፣ ከዛ ጅጅጋ፣ ከዛ አዲስ አበባ ሄዳ ዓመታት መርካቶ ጨርቅ ስትሸጥ እንደኖረች ነገረችን። እኛ ሞኞች ነን። እዛ ከተማ ከኢዶ እኩዮች ግማሹ ኢትዮጵያ ተሰዶ የኖረ ነው፣ ይሄንን እያወቅን አማርኛችንን እንደ ቁልፍ ይዘን እንዞር ነበር። እትዬ ዘሃራ ታዲያ ለምን አልነገርሽንም ብላ ጠየቀቻት። መጀመሪያ የኪራይ ክርክር ፈርታ ነበር፤ በሱማሌኛ ብትከራከሩኝ ቶሎ ትሸነፋላችሁ፣ በአማርኛ ግን እናንተም አትለቁ፣ እኔንም መርካቶ ያሸነፈኝ የለም፣ ተቀያይመን እንቀር ነበር አለች። «ከዛ እናንተ ማውራት ጀመራችሁ፣ እኔ መስማት ጀመርኩ። ሬዲዮው ከተበላሸ ቆይቷል።» እናቴን አየቻት። «ፍየሏ ሌባ ናት፣ እውነት ነው። ሾርባው ላይ ግን አጥፍተሻል።»

እናቴ መሬቱን አየች። ማንም አልሳቀም። ኢዶ ወደ ፈቲያ ዞረች።

«እኔ አልገደልኩትም» አለቻት።

ፈቲያ ወደ እናቷ ተጠጋች። ኢዶ ቀስ ብላ ነገረችን። ባሏ ዩሱፍ ይባላል። ሰው ሁሉ ሲሸሽ እናንተ ቅደሙ፣ እኔ ቤቱን ቆልፌ እደርሳለሁ ብሎ ቀረ። አልደረሰም። ጎረቤት እዚሁ ግቢ ውስጥ በጥድፊያ ቀበረው አሏት። ስትመለስ ከቀበሩት ውስጥ በሕይወት ያገኘችው ሁለት ሰው ነው፤ አንዱ ከኋላው ክፍል ነው አላት፣ ሌላው በሩ አጠገብ ነው፣ የቀበርነውም ዩሱፍ መሆኑን አልምልም አላት። ልጆቿ ሸክላ ይልካሉ። ሸክላ ከነጠፈ ያበቃል። ቆፍሮ መፈለግም አልቻለችም፣ ባታገኘውስ።

«አላህ ይርሐመው» አለች እትዬ ዘሃራ፣ እያለቀሰች። «ጥሩ ሰው ነበር መቼም።»

«ይኸው» አለች ኢዶ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ተቆጥታ። «ሰው ሁሉ እንደዛ ነው የሚለኝ። ጥሩ ሰው አልነበረም፣ ነዝናዛ ነበር። ሻዩ ቀጠነ፣ ትራሱ ከበደ፣ ጎረቤቱ አስነጠሰ። እኔ ያገባሁት ነዝናዛ ነው፣ እነሱ የመለሱልኝ ደግሞ ወልይ ነው። ከሞተ ጀምሮ አንድም ሰው ስለ ንዝንዙ አውርቶልኝ አያውቅም።» ፈቲያን በጣቷ አመለከተቻት። «ይቺ ልጅ እስክትመጣ።»

እትዬ ዘሃራ እንባዋን ጠርጋ፣ መጠየቅ ያለበትን ጠየቀች። ሰውዬው፣ በሜትር የሚለካው፣ ግቢውን ሊወስደው ነው ወይ? የምንወጣ ከሆነ ከፈተናው በኋላ ይሁንልን አለች።

«ልጆቼ ናቸው የላኩት። ሙሉ ግቢ ይፈልጋል» አለች ኢዶ ሻይ እየቀዳች። «ክፍሎቹ ተይዘዋል ብዬ መለስኩት።»

«የኋላውስ ባዶ አይደል አላለሽም?» አለች እትዬ ዘሃራ።

«ብሏል። አራቱም ተይዘዋል አልኩት።»

አሁን ያ ግቢ የለም። ኢዶ ከሞተች በኋላ ልጆቿ ሸጡት፣ መስታወት የለበሰ ፎቅ ቆሞበታል፣ ሥሩ የስልክ መለዋወጫ ይሸጣል። አንድ ቀን ባጃጅ አስቁሜ ወርጄ ዘበኛውን ሲቆፈር ነበርክ ወይ አልኩት። ነበርኩ አለ። የተገኘ ነገር ነበር? ስለው «ምን ጠፍቶሽ ነው?» አለኝ፣ እንደ ሌባ እያየኝ። ማስረዳቱ ደከመኝ፣ መልሼ ባጃጅ ያዝኩ። ፈቲያ ፈተናዋን አልፋ፣ ነርስነት ተምራ በርበራ ሆስፒታል ውስጥ ትሠራለች፣ ሁለት ልጅ አላት። አልፎ አልፎ በስልክ ድምጿን ትልክልኛለች፣ ሁልጊዜ ስለ ሙቀቱና ስለ ሺፍት ነው። ተረት ታወሪያለሽ ወይ ብዬ ጠይቄያት ነበር፤ ሬሳ ሳይ ውዬ ማን ተረት ያወራል አለችኝ። ልክ ናት። እኔም ኮሪደር ላይ እነዛን ልጆች ባላገኝ ይሄንን አልጽፍም ነበር።

ከሻዩ ማግስት ዓርብ ነበር። እኛ ተረቱ ያበቃለት መስሎን ግድግዳው ሥር ዝም ብለን ተቀምጠናል፤ ከዛ ሁሉ በኋላ በምን አፋችን። ኢዶ ሳህራ ጠርጋ ውሃዋን ረጭታ ስትጨርስ በሩ ላይ አልተቀመጠችም። ዞራ መጣች። በርጩማ አልያዘችም፣ እንደኛ አፈሩ ላይ ቁጭ አለች፣ ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ፣ ጫማዋን አውልቃ። ጉልበቷ ሲታጠፍ ተንቋቋ። ፈቲያ እኔን አየችኝ፣ ከዛ መሬቱን አየች፣ ከዛ ስለ ጋሽ ዩሱፍ አላህ ይርሐመው ብላ፣ በጣም በታረመ አማርኛ፣ እንደ ስብከት የሚመስል ነገር ጀመረች። ጦርነቱ እንዴት እንደመጣ፣ እንዴት ያለ ደግ ሰው እንደነበር፣ እንዴት እንደሞተ።

ኢዶ ክንዷን ያዘቻት።

«የሞተበትን እኔ አውቀዋለሁ» አለች። «ከሚነጫነጭበት ጀምሪ።»